የፍሎሪዳ ኮራሎች ሞተዋል፤ መዝገቡ ግን «ሥጋት ላይ ናቸው» ይላል

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በፍሎሪዳ ደቡባዊ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ባሕር ከልክ በላይ ሞቀ፤ ለሳምንታትም ሳይበርድ ቆየ። ከዚያ በኋላ ጠላቂ ተመራማሪዎች በ391 ቦታዎች ከ52 ሺህ በላይ የኤልክሆርንና የስታግሆርን ኮራሎችን መረመሩ። ውጤቱ በጥቅምት 2025 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታትሟል፦ በፍሎሪዳ ኪስና በድራይ ቶርቱጋስ ከነበሩት ከ97.8 እስከ 100 በመቶው ሞተዋል። በፌዴራሉ መዝገብ ግን ሁለቱም ዝርያዎች የተመዘገቡት፣ በ2006 እንደነበረው፣ «ሥጋት ያንዣበበባቸው» በሚለው ዝቅተኛ ደረጃ ነው።

ተመራማሪዎቹ ዝርያዎቹ በፍሎሪዳ «በተግባር ጠፍተዋል» ሲሉ አንድም ኮራል አልቀረም ማለታቸው አይደለም። ኮራል ከቦታው የማይንቀሳቀስ እንስሳ ነው። እነዚህ ሁለቱ በዓመት ጥቂት ሌሊቶች ብቻ፣ በአብዛኛው በነሐሴ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ፣ እንቁላላቸውንና ዘራቸውን ወደ ውኃው ይለቃሉ። የአንዱ ከሌላው ካልተገናኘ ፅንስ የለም። ጎረቤቱ የሞተበት ኮራል በሕይወት ቢኖርም ዘር አይተካም፤ ማዕበልን የሚሰብር፣ ዓሣን የሚያስጠልል ሪፍም አይሠራም።

ጉዳዩ የፍሎሪዳ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2024 ከመዘናቸው 892 ሪፍ ሠሪ የኮራል ዝርያዎች 44 በመቶው የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። የፍሎሪዳው ልዩ የሚያደርገው አደጋው ጠንካራ በሚባል ሕግ ጥላ ሥር መድረሱ ነው።

ብሔራዊ የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎት በ2012 ሁለቱን ዝርያዎች «ለመጥፋት የተቃረቡ» ወደሚለው ከፍተኛ ደረጃ ለማሳደግ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ2014 ሐሳቡን ትቶ በነበሩበት አስቀራቸው። ያ ውሳኔ በጊዜው በነበረው ማስረጃ ቢያከራክርም መሠረት ነበረው። ከ2023 በኋላ ግን መሠረቱ ተንዷል።

ለጥያቄው የሚሰጠው የተለመደ መልስ ዝርያዎቹ በሌሎች የካሪቢያን አካባቢዎች አሁንም ይኖራሉ የሚል ነው። እውነት ነው። የ1973ቱ ሕግ የአንድን አካባቢ ሕዝብ ለይቶ መመዝገብን የፈቀደው አከርካሪ ላላቸው እንስሳት ብቻ ስለሆነ፣ የፍሎሪዳን ኮራል ብቻውን መመዝገብ አይቻልም። ለአሞራና ለዓሣ የተከፈተው በር ለኮራል ተዘግቷል፤ ሪፉን ለሚሠራው እንስሳ ይህ ግራ የሚያጋባ ልዩነት ነው። ሆኖም ያው ሕግ አንድ ዝርያ በሚኖርበት ክልል «ጉልህ ክፍል» ለመጥፋት ከተቃረበም ከፍተኛው ደረጃ ይገባዋል ይላል። ፍሎሪዳ ጉልህ ክፍል ካልሆነች ቃሉ ለምን እንደተጻፈ አገልግሎቱ በይፋ ማስረዳት ይኖርበታል።

የደረጃው ልዩነት የወረቀት ብቻ አይደለም። በከፍተኛው ደረጃ ያለን ዝርያ መግደልና መጉዳት ሕጉ ራሱ ይከለክላል፤ በዝቅተኛው ደረጃ ግን ክልከላው የሚመጣው አስተዳደሩ የተለየ ደንብ ካወጣ ነው። ለኤልክሆርንና ለስታግሆርን ደንቡ በ2008 ወጥቷል፤ ነገር ግን አንድ አስተዳደር ያወጣውን ሌላው ሊሽረው ይችላል። በ2014 ከተመዘገቡት አምስት የካሪቢያን ዝርያዎች በታኅሣሥ 2024 ወደ ከፍተኛው ደረጃ ያደገው ፒላር ኮራል ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ያለ ክልከላ ደንብ ቀርተዋል።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከፍል የማያሚ ወደብ አሳይቷል። ከ2013 እስከ 2015 ወደቡን ለማጥለቅ በተካሄደው ቁፋሮ የተነሣው ደለል በአቅራቢያው ባለው ሪፍ ላይ ተከመረ፤ በ2019 የታተመ ጥናት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮራሎች እንደሞቱ ገምቷል። በሚያዝያ 2025 ደግሞ መኖሪያን ማበላሸት ዝርያን እንደመጉዳት የሚቆጠርበትን የደንብ ትርጉም ለመሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል። ደለል ኮራልን በቀጥታ አይቆርጠውም፤ ያፍነዋል። ትርጉሙ ከተሰረዘ እንዲህ ያለውን ጉዳት በፍርድ ቤት ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ሕግ ባሕርን አያቀዘቅዝም፤ ያ የካርቦን ልቀት ጉዳይ ነው፣ ሊታለፍም አይገባም። የተረፈውን ለማዳን ግን የሚሠራ ሥራ አለ። በ2023 ወደ የብስ ገንዳዎች የተወሰዱ ኮራሎች የዘር ልዩነታቸው ተጠብቋል። በሐምሌ 2025 ደግሞ የፍሎሪዳና የሆንዱራስ ኤልክሆርን ተዳቅለው የተገኙ ወጣት ኮራሎች በማያሚ አቅራቢያ ተተክለዋል፤ የሆንዱራሶቹ የመጡት ይበልጥ ከሚሞቅ ባሕር ነው።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የገንዘብ መሠረት ከሆኑት አንዱ፣ በታኅሣሥ 2022 የታደሰው የኮራል ሪፍ ጥበቃ ሕግ፣ የበጀት ፈቃዱ የሚዘልቀው እስከ 2027 የበጀት ዓመት ነው። ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች የእድሳቱን ረቂቅ ከአሁኑ ሊጀምሩ ይገባል፤ በዚያው ረቂቅም አገልግሎቱ የሁለቱን ዝርያዎች ደረጃ «ጉልህ ክፍል» በሚለው ድንጋጌ መሠረት በቁርጥ ቀን እንዲመረምር፣ ለአራቱም ዝርያዎች የክልከላ ደንብ እንዲያወጣ ማስገደድ ይችላሉ። የሲቪል ማኅበራት ረቂቁን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ደረጃ እንዲለወጥ አቤቱታ የማቅረብ መብት ለማንም ሰው ክፍት ነው።