የመጀመሪያው ማሰሮ ስንት ገባ?

ሀብት አታከማች የሚል ሃይማኖት፣ በትልቁ በዓሉ ቀን፣ እዚያው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጨረታ ያካሂዳል። ስለ ሕንድ ጄይኖች ነው የማወራው። አፓሪግራሃ፣ ማለትም ንብረትን አለመሰብሰብ፣ ከአምስቱ ዋና ቃል ኪዳኖቻቸው አንዱ ነው። ዲጋምባራ የሚባለው ወገን መነኮሳት ልብስ እንኳን የላቸውም፤ የጣዎስ ላባ መጥረጊያና የውሃ ዕቃ፣ በቃ። በዚህ ሁሉ መሃል ነው እንግዲህ «ማን ይጨምራል?» የሚባለው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሽቬታምባራ የሚባሉት ጄይኖች ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስምንት ቀን የሚቆይ ፓርዩሻን የሚባል በዓል አላቸው። ጾምና ንስሐ ነው፤ ስምንቱንም ቀን ከተፈላ ውሃ በቀር ምንም የማይቀምስ አለ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሁሉንም ይቅርታ ይጠይቃል። እውነቴን ነው፣ በጣም የምወደው በዓል ነው። በመሃሉ ግን የማሃቪራ ልደት የሚነበብበት ቀን አለ። እናቱ ትሪሻላ ስታረግዘው ያየቻቸው 14 ሕልሞች፣ ዝሆኑ፣ አንበሳው፣ ሙሉዋ ጨረቃ፣ በብር ተሠርተው ከላይ ይወርዳሉ። ማን ያውርዳቸው? ማን የአበባ ጉንጉን ያጥልቅላቸው? ማን የሕፃኑን አልጋ ይወዝውዝ? ከፍ ያለ ዋጋ የጠራ! በልማድ ዋጋው የሚጠራው በቅቤ ክብደት ነው፣ ከዚያ ወደ ሩፒ ይመነዘራል። (ቅቤው የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።)

አብሮኝ በርቀት የሚሠራ የአህመዳባድ ልጅ ለሰፈራቸው ቤተ መቅደስ ጨረታውን በስክሪን የሚያሳይ ትንሽ አፕ ሠርቶ ኮዱን እንድገመግምለት ላከልኝ። ሰዎቹን የሚደረድረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገንዘብ መጠን፣ ከላይ ወደ ታች። «ሁለት ሰው እኩል ቢጠራስ?» አልኩት። «ቀድሞ የጠራው።» «ምንም ያልጠራስ?» «እሱማ ዳታቤዙ ውስጥ የለም» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፤ ቴክኒካል መልስ ነው የሰጠኝ።

የሚከራከሩላቸው ሰዎች የሚሉትን አውቃለሁ፣ ደካማ ክርክርም አይደለም። ገንዘብን መልቀቅ ራሱ አፓሪግራሃ ነው ይላሉ። የሚገባው ገንዘብም ዴቭድራቪያ፣ የአምላክ ንብረት ይባላል፤ ለምስሉና ለቤተ መቅደሱ እንጂ ለማንም ኪስ አይሆንም። ጥሪው በአደባባይ ስለሆነ ማን ስንት እንዳለ ሁሉም ይሰማል። ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ነገሩ መስጠት ብቻ ከሆነ ሳጥን አይበቃም ነበር? ጨረታ የሚሸጠው ተራን ነው። ሀብታሙ ገንዘቡን ለቀቀ፣ በምትኩ ሰው ሁሉ ያየለትን አንደኝነት ያዘ። እሱም እኮ ንብረት ነው፤ ያውም ሌባ የማይነካው።

አኑሞዳና የሚባል ትምህርትም አላቸው፤ የሌላውን መልካም ሥራ አይቶ ከልብ መደሰት በራሱ ጽድቅ ነው። ቆንጆ ነው። ግን በየዓመቱ የሚያፈሰው ያው ሰው፣ በየዓመቱ የሚደሰተውም ያው ሰው ሲሆን፣ ትምህርቱ ለድሃ የተቆረጠ ማባበያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሽራቫናቤላጎላው ነው። ካርናታካ ውስጥ፣ ኮረብታ አናት ላይ፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ 17 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የባሁባሊ ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ981 ነው የቆመው። ባሁባሊ ማን ነው? ከወንድሙ ከባራታ ጋር ለመንግሥት ተፋልሞ፣ ሊያሸንፍ እጁን ካነሳ በኋላ ሁሉንም ትቶ የመነነ ልዑል። ሐረግ እስኪወጣበት ድረስ ቆሞ ጸለየ፤ ሐረጉ ሐውልቱ ላይም ተቀርጿል። በ12 ዓመት አንዴ ገደማ በወተት፣ በሸንኮራ ጭማቂና በእርድ ውሃ ከራሱ ጀምሮ ይታጠባል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2018 ሆኗል። የመጀመሪያውን ማሰሮ ለማፍሰስ ጨረታ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ውድድርን በተወ ሰው ራስ ላይ!

የቦታው አፈ ታሪክ ደግሞ እንዲህ ይላል። ሐውልቱን ያሠራው የጦር አለቃ ቻሙንዳራያ ወተት በገፍ ቢያስፈስስ እግሩ ድረስ አልወርድ አለ። አንዲት ድሃ አሮጊት በፍሬ ቅርፊት ይዛ የመጣችውን ጭላፊ ወተት ስታፈስ ግን ሐውልቱን ከራስ እስከ እግር ጥፍር አለበሰው። ጉላካያጂ ይሏታል፤ የእሷም ምስል እዚያው ኮረብታ ላይ ቆሟል። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት የምናውቅ ሰዎች ታሪኩ አይጠፋንም። እሷን በድንጋይ ቀርጾ፣ ፊቷ ጨረታ ማውጣት ምን ይባላል?

«በሰው ሀገር ሃይማኖት ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የጃንጥላ ጨረታ አይታችሁ አታውቁም? በክብረ በዓል ቀን፣ ማይክ ይዞ «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» የሚል ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ የምትስብ እናት? አገባኝ እንግዲህ።

የምለው ቀላል ነው። መስጠት የፈለገ ቀደም ብሎ፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ ሳጥን ውስጥ ይጣል። ተራው በዕጣ ይውጣ። ኮዱ ላይ አንድ መስመር ነው የሚቀየረው፤ ለልጁም ጽፌለታለሁ። ገቢው ይቀንሳል አለኝ። ይቀንስ፤ ስንቱ ለአምላክ፣ ስንቱ ለአንደኝነት ይከፈል እንደነበር ያኔ ይታያል። ሽራቫናቤላጎላም ልማዱን ከጠበቀ ቀጣዩ እጥበት እ.ኤ.አ. በ2030 ገደማ ነው። ከኮረብታው ሥር ገበያ ላይ ከሚቸረችሩት አሮጊቶች አንዷ በዕጣ ትመረጥና የመጀመሪያውን ማሰሮ ታፍስስ።