የመቈፈሪያ መሣሪያ በአገር ልጅ እጅ ይሠራ



ዝናም ከሰማይ ይወርዳል፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ጕድጓድ ግን ሰው ካልቈፈረው አይገኝም። በአምባሰል ተዳፋትና በሐይቅ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን። ክረምት ሲገባ ጐርፉ ከተራራው ተንደርድሮ አፈራችንን ጠርጎ ይሄዳል፤ በልጉ በቀረ ጊዜ ደግሞ ያው ተራራ ለጥጃ የሚሆን ውሃ ያጣል። ሐይቁ ከሥር ተኝቶ እየታየ ከፍ ብሎ የሚኖረው ገበሬ እንስሳቱን ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይነዳል። ወሎ በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ያየውን ረኀብ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ነግረውናል።

መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ የክረምቱን ውሃ በኩሬ ማጠራቀም ነው። ችግሩ ቍፋሮው ነው። እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ 128 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። አንዱ ሜትር ኩብ 15 ኩንታል ያህል ቢመዝን ጠቅላላው 1,920 ኩንታል ነው። ይህን ሁሉ ሰው በዶማ ቈፍሮ በአካፋ ያነሣዋል ማለት ነው። ብዙ ኩሬ በአሳብ ብቻ የሚቀረው ስለዚህ ይመስለኛል።

በበኩሌ ለዚህ ሥራ ከትንሹ ትራክተር ኋላ የሚታሰር የመቈፈሪያ መሣሪያ እዚሁ በእኛ እጅ ሊሠራ ይገባል እላለሁ። ትንሹ ትራክተር የምለው ነጂው ከኋላው ሆኖ እጀታውን እየያዘ የሚነዳውን ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአውስትራሊያ ርዳታ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በዚምባብዌ ለአነስተኛ ገበሬዎች እንዲስማማ ሲሞከር ቈይቷል። ያርሳል፤ ጋሪ ይጐትታል፤ ውሃ ይስባል፤ የእርሻው ወራት ሲያልፍ ግን ሥራ ፈትቶ ይቆማል። የኩሬ መቈፈሪያው ጊዜ ደግሞ ያው በጋው ነው።

መቈፈሪያ ሲባል ብዙዎቻችን በመንገድ ሥራ ላይ ያየነውን ባለ ረጅም ክንድ ኤክስካቫተር እናስባለን። ይህ ለትንሹ ትራክተር አይሆንም። ክንዱ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፓምፕና ቧንቧ ይፈልጋል፤ ዋጋው ከባድ ነው። ደግሞም ትራክተሩ ቀላል ስለ ሆነ ባልዲው ጠንካራ መሬት ሲነክስ መሬቱ ሳይነሣ ትራክተሩ ራሱ ይነሣል። የትንሽ ትራክተር ጉልበት የሚገደበው በሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ጎማው መሬት በመያዙም ጭምር ነው። ስለዚህ መንገዱ ማንሣት ሳይሆን መጐተት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። ኢልካ በመባል ይታወቅ የነበረው፣ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በበሬ የሚጐተት የአፈር መዛቂያ አሠርቶ በኢትዮጵያ ደጋ ኩሬ እንዴት እንደሚቈፈር የሚያስተምር መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትሟል። ዘዴው ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ማረሻው መሬቱን ያላላዋል፤ ቀጥሎ መዛቂያው የላላውን አፈር ጠርጎ ያወጣዋል። ይኸው ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ በዋልካ መሬት ላይ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያም አዘጋጅቶ ነበር። ሁለቱም የተነሡት ገበሬው በእጁ ከያዘው ዕቃ ነው። በአሜሪካም ጄምስ ፖርቲየስ የተባለ ትውልደ ስኮትላንድ ሰው በፈረስ የሚጐተት መዛቂያ እ.ኤ.አ. በ1883 በስሙ አስመዝግቦ፣ ያ መሣሪያ በፓናማ ቦይ ቍፋሮ ላይ ሳይቀር አገልግሏል።

እንግዲህ በሬ የጐተተውን ትራክተር እንዴት አይጐትተውም? አሠራሩ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። ከላሜራ ፊቱ የተከፈተ ሣጥን ይበየዳል። የፊት ከንፈሩ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይሁን፤ ባሌስትራ ስለቱ ቶሎ እንደማይታጠፍ መጥረቢያ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ያውቁታል። ከኋላ ሁለት እጀታ ይደረግለታል፤ እጀታው ጥቂት ከፍ ሲል ከንፈሩ መሬት ይነክሳል፤ ዝቅ ሲል የሞላው ሣጥን ይንሸራተታል፤ ጨርሶ ሲነሣ ተገልብጦ ይራገፋል። መጐተቻው ሰንሰለት ረዘም ይበል፤ ነጂውና እጀታ ያዡ ሁለት ሰዎች ናቸውና በመካከላቸው በቂ ስፍራ ያስፈልጋል። ማሰሪያው ላይ ድንጋይ ሲገጥም የሚሰበር የእንጨት ችንካር ይግባበት፤ ከሰው ክንድ ይልቅ ችንካር ይሰበር። ለትራክተሩም ባለ ጥርስ የብረት ጎማ ቢደረግለት መሬት አይስተውም።

ሣጥኑ የሜትር ኩብ አንድ ዐሥረኛ ቢይዝና የላላው አፈር በሩብ ቢያብጥ፣ ያ ኩሬ በ1,600 ምልልስ ያልቃል። አንዱ ምልልስ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 80 ሰዓት፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 10 ቀን ነው። ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ ማላላቱና ድንጋዩ ጊዜ ይጨምራሉ። ቢሆንም የሚያዋጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

አንዳንዶች «ሰው ሞልቶ ማሽን ለምን? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ ይሆናል። ለእርከን ሥራ እውነት ነው። ኩሬ ግን እየጠለቀ በሄደ መጠን ስፍራው እየጠበበ፣ አፈሩም እየራቀ ይሄዳል፤ ሃምሳ ሰው አብሮ አይገባበትም። ሌሎች ደግሞ «ተሠርቶ ከውጭ ይምጣ» ይላሉ። ከውጭ የመጣው በተሰበረ ጊዜ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? እዚህ የተበየደ ዕቃ ግን የበየደው ሰው መልሶ ይበይደዋል።

ከዚህ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለ። ወንድሞቻችን ሥራ አጥተው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረብ ሲሰደዱ እናያለን። በአገር ቤት ብረት የሚሠራ እጅ ግን አሁንም በሚገባው ልክ አይከበርም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ዛሬም እንደ ስድብ ሲነገር መስማት ያሳፍራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መምህራኖቻችን የፊዚክሱን ትምህርት ከዚህ ሥራ ጋር አያይዘው ንድፉን ከእኛ ጋር ያውጡ። ብረት የሚሠሩ ወላጆች መጥተው ያስተምሩን፤ ትራክተር ያለውም ሰው ለጥቂት ቅዳሜዎች ያውሰን። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ልኩን፣ ወጪውንና የፈጀውን ሰዓት እየመዘገብን፣ ቢሳካም ባይሳካም ውጤቱን በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ እናውጣ። የመጀመሪያውም ኩሬ ዙሪያው ታጥሮ ሕፃናት እንዳይገቡበት ይጠበቅ።