የሟች ጡረታ ለቤተሰቡ ያለ እንግልት!

ሰው ሲሞት ዕድር በዕለቱ ድንኳን ይተክላል፤ ገንዘቡንም ሳያዘገይ ያስረክባል። መንግሥት ግን ሐዘንተኛዋን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ አምጪ እያለ ከቢሮ ቢሮ ያመላልሳታል። ሕጉ ለሚስት የሟችን ጡረታ 50 በመቶ፣ ለልጅ 20 በመቶ ፈቅዷል። ይህ ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረ ገንዘብ እንጂ ምጽዋት አይደለም። ጡረተኞችን ያካተተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ም ወጥቶ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል።

ፓርቲያችን ቢመረጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሞትን እንደመዘገበ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲያሳውቅ፣ የቤተሰቡ ሕክምናም አባወራው ሞተ ተብሎ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ዕድር የቻለውን መንግሥት እንዴት ያቅተዋል? በድምፅዎ ይፍረዱ!