ሶለል ለቤት ሠራተኛዋም ነው

ነሐሴ 16 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ቆቦና የራያ ቆላ በሶለል ጨዋታ ይደምቃሉ። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ አምረው ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። በከተማው ቤት ግን ዕለቱ የወጥና የእንግዳ ቀን ነው፤ ሸክሙም የሚያርፈው ከገጠር በመጣችው የቤት ሠራተኛ ላይ ነው። እርሷም የሶለል ልጅ መሆኗ ይዘነጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ለሠራ ሰው የሰዓት ደመወዙ በእጥፍ እንዲከፈለው ያዝዛል። ሆኖም ሶለል ሥራ ከሚዘጋባቸው የሕዝብ በዓላት አንዱ አይደለም፤ አዋጁም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ ነገሩ ለእናንተ ኅሊና የተተወ ነው።

ወጡን በዋዜማው ተጋግዛችሁ ሥሩ። ደመወዟን ከበዓሉ በፊት ስጧት፤ የመሳፈሪያ ጨምራችሁ ሁለት ቀን ከወላጆቿ ዘንድ ትዋል። አዲስ ቀሚስ ገዝቶ ማጀት ማዋል ምስጋና አይባልም።