እሱስ ተመርምሯል?

ልጅ በዘገየበት ትዳር ጥያቄው የሚጀምረው ከሚስት ነው። አማት «ምን ሆና ነው?» ትላለች፤ ጎረቤት ጸበል ይጠቁማል፤ ዘመድ ሐኪም ያፈላልጋል። ሴቲቱ ደም ትሰጣለች፣ አልትራሳውንድ ትታያለች፣ ቱቦዋ መዘጋት አለመዘጋቱን ለማየት ማህፀኗ ውስጥ ፈሳሽ ተጨምሮ ራጅ ትነሳለች። ባል ይህን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። በማህፀን ሐኪሞች ደጃፍ የምርመራ ወረቀታቸውን ታቅፈው ብቻቸውን ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶችን ማየት የተለመደ ነው።

ሕክምናው የሚለው ሌላ ነው። መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ ወንዱም በምክንያቱ ውስጥ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር። የእሱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ መርፌም ራጅም የለበትም፤ የዘር ፈሳሹን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ነው። ቀላሉን ምርመራ ለመጨረሻ አቆይተን ከባዱን የምናስቀድመው ሳይንስ አዞን ሳይሆን ይሉኝታ ይዞን ነው።

ወንዱ በስንት ልመና ሲመጣም ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ዕቃ ይሰጠውና «ሽንት ቤቱ እዚያ ነው» ይባላል። በሩ ይንኳኳል፤ ሰውየው ይሳቀቃል። በጥድፊያው መጀመሪያ የወጣው ፈሳሽ ከዕቃው ውጭ ቢፈስ ብዙው ስፐርም ያለው እሱ ውስጥ ነውና ውጤቱ ይዛባል። አፍሮ ሳይናገር ይቀራል፤ ወረቀቱ ግን «አነስተኛ» ብሎ ይወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ምርመራ መመሪያ አለው፤ ስድስተኛው እትም የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ አለበት። ናሙናው ብርድም ሙቀትም ሳያገኘው ደርሶ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ባለሙያው መጠኑን፣ የስፐርሙን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ይመዝናል። የመነሻ ልኮቹ 1.4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከመቶው የሚንቀሳቀስ 42፣ ቅርጹ የተስተካከለ 4 ብቻ ናቸው። «96 በመቶው ቅርጹ የተበላሸ ነው» የሚል ወረቀት አንብቦ የሚደነግጥ ባል ይህን የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

ልኮቹ የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነዚህ አባቶች መካከል እንኳ ከመቶ አምስቱ ከልኩ በታች ናቸው። ስለዚህ ከልኩ ያነሰ ሁሉ መካን አይደለም፤ ያለፈም ዋስትና የለውም። ስፐርም ተመርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት ያለፈ ኃይለኛ ትኩሳት ዛሬ ወረቀቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ምርመራው ይደገማል እንጂ ፍርድ አይሰጥበትም።

ምክንያቱ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መላ አለው። የቆለጥ ደም ሥር እብጠት በቀዶ ጥገና፣ ኢንፌክሽን በመድኃኒት ይታከማል። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰድ ቴስቶስትሮን የስፐርም ምርትን ያዳክማል፤ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ምርቱ ይመለሳል። በፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ያልተገኘበት ሰው እንኳ መንገዱ ተዘግቶበት ከሆነ ከቆለጡ ተወስዶ ከሴቷ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ሊገናኝ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል አለው።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ለባልም ለሚስትም ምርመራ ይዘዝ። ጤና ተቋሙ ከውስጥ የሚቆለፍ አንዲት ክፍል ያዘጋጅ። ላቦራቶሪው ናሙናው ስንት ሰዓት እንደተሰጠና የፈሰሰ እንዳለ ጠይቆ ይመዝግብ። ፍቺ ለመዳኘት የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም «አልወለደችም» የሚል ክስ ሲቀርብላቸው አስቀድመው ባልየውን የምርመራ ውጤቱን ይጠይቁት።