ጉልበቱን የወሰደው ፊልትሮው ነው?

ከጎባ ተነስቶ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ ሞተረኛ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሲደክምበት ጥፋተኛ ይፈልጋል። ቀድሞ የሚከሰሰው የአየር ፊልትሮው ነው። «አውልቀው፣ ይተንፍስበት» ይሉታል። ሌላው «ሳጥኑን ብሳው» ይላል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ሳጥኑን አስጥሎ ክፍት የጥጥ ፊልትሮ ያስገጥማል። ሞተሩ ያገሳል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ግን ማን ጠየቀ፦ ፊልትሮው ስንት ጉልበት ወስዶ ነበር?

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የጎባ ጎረቤት ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ገና እዚያው የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ጎድሏል። ሳነቴ ላይ፣ 4000 ሜትር አካባቢ፣ የጎደለው ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። 4377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ላይማ ይብሳል። ንጹሕ ፊልትሮ የሚያስቀረው ግፊት ግን ከ1 ወይም ከ2 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ቆላ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሳነቴ ሲደርስ 8 ያህል ይቀረዋል። ከጠፋው አራት ውስጥ የፊልትሮው ድርሻ ስንት ነው? ፊልትሮው ገደል ቢጣልስ ስንቱ ይመለሳል?

«ግን እኮ ለውጡ ይሰማኛል» የሚል አለ። ምኑ ነው የተሰማህ? ሳጥኑ ሥራው ማጣራት ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያወጣውን ጩኸትም ያፍናል። ሲበሳ ጩኸቱ ይወጣል፣ ጆሮም ጩኸትን ፍጥነት ያደርገዋል። በሰዓት ለካኸው? በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ጭነት፣ ከመብሳትህ በፊትና በኋላ አወዳደርከው? የሳጥኑ ስፋትና የቱቦው ርዝመት እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞርም እንዲጎትት ያግዛሉ። ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት የሚገፋ ሞተረኛ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ጉልበት ነው። ሳጥኑን የጣለ ሰው ካተረፈም የሚያተርፈው ሞተሩ እስከ ጥግ ሲጮህ ነው። ሳነቴን በያዘው፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ፓርክ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ እየተገጨ በሚሞትበት መንገድ ላይ፣ ማነው እስከ ጥግ የሚያስጮኸው?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አውልቅ ባዮቹ አንድ እውነት አላቸው። ሞተሩ ካርቡሬተር ያለው ከሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስለትም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ሳነቴ ላይ ይህን አያገኝም። ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። በዚህ ጊዜ ሳጥኑን ስትከፍት ድብልቁ ትንሽ ይቀጥንና ሞተሩ እውነትም ሻል ይለዋል።

እሺ፣ ከዚያስ ወዴት ነህ? መንገዱ ሳነቴ ላይ አያልቅም። ሀረና ደንን ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና፣ ከ1500 ሜትር በታች ይወርዳል። እዚያ አየሩ ወፍሮ ይጠብቅሃል፤ ሳጥንህ ደግሞ እንደተከፈተ ነው። አምባው ላይ ልክ የመጣው ድብልቅ ቆላ ላይ ከልክ በላይ ቀጠነ ማለት ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ከቆየም ቫልቭና ፒስተን ይጎዳሉ። ለጥቂት ሰዓት ዳገት ብለህ የቀረውን መንገድ ሁሉ የሚጎዳ ነገር ለምን ትሠራለህ? ኢንጀክሽን ያለው ሞተር የያዘውስ? የአየሩን ግፊት የሚያነብ መለኪያ ስላለው ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። እዚያ ላይ ሳጥን መብሳት የትኛውን ችግር ሊፈታ ነው?

አቧራውን ገና አልነካሁትም። በስንዴ አጨዳ ወራት ኮምባይነር ማሳው ላይ ሲዞር በሮቤ ዙሪያ ያለውን አየር ያየ ሰው፣ ያለ ፊልትሮ ልንዳ ሲል ምን አስቦ ነው? በጠጠር መንገድ ከጭነት መኪና ኋላ መንዳትስ? በአቧራው ውስጥ ያለው ጥቃቅን አሸዋ ከሲሊንደሩ ብረት የጠነከረ ነው። ፋሻውን ይበላል፣ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት ማጨስ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ጉልበት ቆላ ቢወርዱም አይመለስም። የክፍት ፊልትሮ ሻጮች ዘይት የተቀባው ጥጥ በደንብ ያጣራል ይላሉ። ይሁን፤ ግን ጥጡን በየጊዜው አጥቦ መልሶ ዘይት የሚቀባው ማነው? ሳጥኑ ይከላከለው የነበረውን የሀረናን ዝናብስ ምን ይመልሰዋል?

የሚሠራው ነገር ብዙም አያስጮህም። የቆሸሸ ፊልትሮ መቀየር፤ ደጋ ላይ ለሚከርም ካርቡሬተር አንድ ደረጃ የጠበበ ጄት ማስገባት፣ ወደ ቆላ ሲወርዱ የድሮውን መመለስ፤ ጭነት ለሚያበዛ ከኋላ ጎማ በኩል ባለው የሰንሰለት ጥርስ ላይ አንድ ሁለት ጥርስ መጨመር። ይህ ሁሉ የሳነቴን አየር አያወፍረውም። አራቱን የፈረስ ጉልበት በሙሉ የሚመልስ ሰው ጋራዥ ውስጥ የለም፣ አለኝ ካለም ይዋሻል።

የሮቤና የጎባ መካኒኮች ሆይ፣ መሰርሰሪያውን ከማንሳታችሁ በፊት ደንበኛውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከሳነቴ ትመለሳለህ ወይስ ደሎ መና ትወርዳለህ? እወርዳለሁ ካለ ሳጥኑን አትንኩበት።