ጋዝ የተሞላ ዓይን ደብረ ታቦር አይወጣም

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ስለ ዓይን ሲወራ የሚነሱት ትራኮማና ሞራ ናቸው። ልክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር፤ ትራኮማም ከ11 በመቶ በላይ ይዞ ይከተላል። ለሁለቱም ዘመቻ አለ።

ሬቲና ግን ዘመቻ አያውቀውም። ይህ የዓይን ጀርባ ስስ ሽፋን ሲላቀቅ ሰውየው ብልጭታ ያያል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይዋኝበታል፣ ከዚያ በአንድ በኩል መጋረጃ ይወርድበታል። ሕመም የለውም። ስለማያም አጨዳውን ይጨርሳል፤ ጎረቤትም «ሞራ ነው፣ ይብሰልና ይገፈፋል» ይለዋል። ሬቲና የሚቆጥረው ግን ቀን ነው። መሀሉ ከተላቀቀ በኋላ ቢታከምም እንደ ድሮው የማየት ዕድሉ ይጠባል።

ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1970 ሮበርት ማኽመር ማያሚ ላይ የጀመረው ነው። ዛሬ በዓይን ነጩ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በአንዱ ፈሳሽ፣ በአንዱ መብራት፣ በሦስተኛው በደቂቃ 5,000 ጊዜና ከዚያ በላይ የምትቆርጥ መቁረጫ ወይም ጫፏ ለማየት የምታስቸግር ወረንጦ ትገባለች።

«ማሽን ይገዛልን» ከሚሉት ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። (ትልቅ ብረት እንወዳለን፤ ሴባስቶፖል የተሠራባት ጋፋት አፍንጫችን ሥር ናት።) ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ መቁረጫዋ፣ ቱቦዋና የመብራት ዘንጓ ግን በአብዛኛው ለአንድ ታካሚ ብቻ የሚያገለግሉ፣ በዶላር የሚመጡ ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ሪባን ለመቁረጥ ግን ማሽን ይመቻል።

ሌላም አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ ጋዝ ይሞላል፤ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ጋዝ ከፍታ ሲወጡበት ይሰፋል፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን እንኳ ያ ታካሚ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤቱ ቢገባ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። አውሮፕላንም አይሳፈርም። በጋዙ ፈንታ የሲሊኮን ዘይት ቢሞላለት ዘይቱን ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለደብረ ታቦር የምጠይቀው የዓይን ጀርባን አስፍቶ የሚያሳይ መመርመሪያና «ዛሬውኑ ሂድ» ብሎ የሚልክ ባለሙያ ነው። ለባሕር ዳር ወይም ለጎንደር ደግሞ የማያቋርጥ የአላቂ ዕቃ በጀት፤ በዚያው በጀት ውስጥም የፋርጣ ገበሬ ጋዙ እስኪጠፋ የሚተኛበት አልጋና የሚበላው እንጀራ ይግባ።